ጋሽ ቅጣው ሊመሰክሩ የሄዱ ዕለት

የገበያ ቀን አልነበረምና የሞላሌ መናኸሪያ ጭር ብሏል። ጋሽ ቅጣው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ መኪና ሲጠብቁ የጎረቤታቸውን የይሥሐቅን ልጅ ትሕትናን አገኙ። ትሕትና ሕግ ተምራ ከተመረቀች ገና ዓመቷ ነው። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ፈጥነው ቀና አደረጓት።

«በዚህ ብርድ ወዴት ነው ጋሼ?»

«ፍርድ ቤት ልጄ። የእህቴን ቤት ላተርፍ።»

ሊዋሹ የሚሄዱት ሰው መዋሸት አያውቁበትምና ነገሩን እንዳለ ዘረገፉት። የእህታቸው ልጅ ምንተስኖት በስልክ እያወራ ሲነዳ የትምወርቅ የምትባል ሴት ገጭቶ እግሯን ሰበረ። መንጃ ፈቃዱ ከዚህ ቀደም ታግዶበት ያውቃልና ታናሽ ወንድሙ አንዷለም «የነዳሁት እኔ ነኝ» ብሎ ታሰረ። ጋሽ ቅጣው ያን ዕለት ጋቢና ነበሩ። ዛሬ ምለው የአንዷለምን ቃል ሊያጸኑ ነው።

«ጋሼ፣ በሐሰት መመስከር እኮ ያሳስራል። ከመግጨቱ የባሰ ሊያስቀጣም ይችላል።»

«ወይ ጉድ! እግር የሰበረ በቀላሉ ይለቀቅና ቃል የተናገረ ይታሰር? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው! ያ ልጅስ የወንድሙን ሸክም ተሸከመ እንጂ ምን አጠፋ? ጌታችንስ የሰው ኃጢአት ተሸክሞ የለ?»

«ተሸክሟል ጋሼ። ግን ጲላጦስ ፊት ዋሽቶ ነው የተሸከመው?»

ጋሽ ቅጣው በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ዳዊት ደጋሚ ናቸውና የጲላጦስን ነገር አሳምረው ያውቁታል። ትሕትናም የተማረ ሰው አመል ይዟት አንቀጽ ልትጠቅስ ቃጣትና ተወችው። ዐዋቂነቷ እዚህ ላይ ነው።

«አውጫጭኝ ሲቀመጥ አይተው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! በልጅነቴ በግ ተሰርቆ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሌባው ካልታወቀ ማንም ቤቱ አይገባም። በሦስተኛው ቀን አባቴ ተነሣና የገዛ ወንድሙን ስም ጠራ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።»

«እያወቀ የደበቀ ሰው ቢገኝስ?»

«እሱማ ከሌባው ይብሳል! ሌባው የወሰደው አንድ በግ ነው። የደበቀው ግን አገሩን ሁሉ ነው ያሳወረው። ሌባውም ነገ ተመልሶ...» ጋሽ ቅጣው የጀመሩትን ሳይጨርሱ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው» አለች ትሕትና ቀስ ብላ። «መግጨት በቸልታ ይመጣል፤ ውሸት ግን ታስቦበት ነው። እርስዎ አንዷለም ነው ካሉ ምንተስኖት ነገም መሪ ይይዛል።»

እስከ ነገ መጠበቅም አላስፈለገም። አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። መሪውን የያዘው ምንተስኖት ነው፤ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሸጉጦታል።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ! እኔው አደርስዎታለሁ።»

ጋሽ ቅጣው አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆም አሉ። ውስጥ ልጇን የምታጠባ እናት፣ ደብተር የያዙ ሁለት ተማሪዎች፣ እንቅልፍ የጣላቸው አንድ መነኩሴ አሉ። መንገዱ ደግሞ ገደል ለገደል ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ነገሩን አያውቅም። ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ የሚሰማቸው ያ ታላቅ ፍርሃት ያዛቸው። «አቤቱ፣ ይህ ሁሉ ነፍስ በእኔ አፍ ላይ?» አሉ በልባቸው።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን አምጣ።»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ዛሬ የምመሰክረው ያየሁትን ነው።»

«ራስህ ቀድመህ ብታምን ፍርድ ቤቱ ሊያቀልልህ ይችላል» አለች ትሕትና።

ምንተስኖት ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የአጎቱን ፊት ሲያይ ግን ስልኩን ዘጋ። ሞተሩንም አጥፍቶ ቁልፉን ሰጣቸው። ተሳፋሪዎቹም ወርደው ከሦስቱ ጋር በሌላ መኪና ሄዱ።

ፍርድ ቤት ጋሽ ቅጣው ማሉ። እንደ አባታቸው የወገናቸውን ስም ሊጠሩ ሲሉ ከኋላ አንድ ሰው ቀድሟቸው ተነሣ።

«የነዳሁት እኔ ነኝ» አለ ምንተስኖት።

የችሎቱ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ጋሽ ቅጣው ያንን የልጅነታቸውን ሜዳ ያዩ መሰላቸው።

ምንተስኖት ተቀጣ፤ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። መንገደኛው ከእንግዲህ በሰላም ይሄዳል። የትምወርቅም የገጫትን አውቃ፣ ይቅር የምትለውን ሰው ፊት ለፊት አየች። አንዷለም ግን ለሐሰት ቃሉ የእስራት ፍርድ ተፈረደበት፤ ዘመዶቹም «ይህስ በዛ!» ብለው አጉረመረሙ።

«አልበዛም» አሉ ጋሽ ቅጣው እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «እኔም የተረፍኩት ለጥቂት ነው።»