የጉዱ ባለመብት

ግቢ ነኢማ፣ ግቢ። በሩን ገርበብ አድርጊው እንጂ አትዝጊው፣ ብርሃን ይግባልን። መብራት ከሄደ ቆየ። ደግነቱ የኔ የስፌት መኪና በእግር የምትረገጥ ናት… መብራት ኃይልን አትለምንም። ብርዱን እንዴት ቻልሽው? ጭላሎ ተራራ ከጧት ጀምሮ ጉሙን ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። አገርሽ ጮሌ እንዴት ሰነበተች? እናትሽስ ደኅና ናቸው? ገብሱ ያዘላችሁ ወይ? እሰይ፣ እሰይ።

ነይ መስታወቱ ፊት ቁሚልኝ። ቀሚሱ አምሮብሻል፣ አንገቱ ብቻ ትንሽ ሰፍቷል። ስፒል ስሰካበት እንዳትናገሪ፣ ጉሮሮሽ ሥር ነው። አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ላውራ… ወሬስ እግዜር አልነፈገኝም።

መጋረጃውን አትይው። ደንበኛ ናቸው። ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው፣ አውልቀው ሰጥተውኝ፣ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ነገ እሑድ ትልቅ ዝግጅት አለባቸው፤ የከተማው ሰፊ ሁሉ በሠርግ ልብስ ተይዞባቸው እኔ ዘንድ መጡ። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ አድልዎ አላውቅም፣ ሁሉም በተራው ነው። አንቺ ቀድመሽ ቀጠሮ ይዘሻል፤ እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፣ ይጠብቃሉ። ሱሪው እኔ ጋ አይደል እንዴ፣ የት ይሄዳሉ? ደግሞ የሰው ወሬ የሚያዳምጡ እንዳይመስልሽ። የሰው ነገር ጆሯቸው አይገባም።

ኮታቸውንም አየሁላቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ጨርቁ ልስልስ ያለ። እጅጌው ብቻ አጥሮባቸዋል። ምን ላድርግ፣ እጃቸው ረጅም ነው… ቁመናቸውን ማለቴ ነው።

ከጓሮ መዶሻ ይሰማሻል? እንደሻው ነው፣ ባለቤቴ። ባለፈው መጥተሽ ቅዳሜ ቀን ብየዳ ቤቱ ተዘግቶ ብታዪ «ምን ሆኖ ነው?» ብለሽኝ ዝም አልኩሽ። ቅር እንዳይልሽ፤ ያኔ አፌን ብከፍት የሚወጣው ሌላ ነበር። ዛሬ ረጋ ብያለሁ፣ ልንገርሽ።

እንደሻውን ታውቂዋለሽ፣ በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነው። ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። በወጣትነቱ ቪዲዮ ቤት ያያቸው እነዚያ ግዙፍ ሮቦቶች፣ ከሕንፃ በላይ የሚራመዱት፣ ሃምሳ ዓመት አልፎትም አልለቀቁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ መሰሎቹ ብየዳ ቤቱ ይሰበሰቡ ነበር፤ ሚፍታ ባጃጅ ነጂው፣ የሆስፒታሏ ነርስ፣ የፊዚክሱ መምህር። ሮቦቱን የሚነዳው ሰው ደረቱ ውስጥ ይቀመጥ ወይስ ጭንቅላቱ ውስጥ ብለው ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረዋል። ሚፍታ መንገድ የሚታየው ከላይ ነው ይላል፣ ነርሷ ከልብ ርቆ የሚነዳ ሰው አያምርም ትላለች። እኔ ሻይ ሳቀርብ በሆዴ እስቅባቸዋለሁ… ሽበት ያወጡ ሰዎች እኮ ናቸው።

ከዚያ የራሳቸውን ሮቦት ሠሩ። የባጃጅ ሻንሲ፣ የተሰበረ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር፣ ጎሚስታ ቤት የተጣለ ጎማ፣ የሌለው ነገር የለም። ቁመቱ ከጣሪያችን በላይ ሆነ። እንደሻው የመጨረሻዋን ብረት በይዶ ጭንብሉን ሲያነሣ፣ ጎረቤታችን ኦቦ ጀዋር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው አዩና «ጉዳ» አሉ። በቃ፣ ስሙ ጉዳ ሆነ። ኦሮምኛሽ ከኔ ይሻላል፣ ጉዳ ትልቅ ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። አሰላ ተወልዶ ይህን የማያውቅ አለ? … ቆይ፣ ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

ትልቁን ከጨረሱ በኋላ እንደሻው የክንድ ቁመት ያላቸው ትንንሽ ጉዳዎችም ከቆርቆሮ ሠራ፣ ለአሻንጉሊት። የሱን ልማድ ታውቂያለሽ፤ በርም ይሁን አልጋ ከእጁ የወጣ ብረት ሁሉ በግራ እግሩ ሥር «እ» ተብላ ተበይዳበታለች። ፊርማው ናት፣ ለማንም አያሳያትም። የጉዳዎቹም ግራ እግር ሥር አለች።

ታዲያ ከነዚያ ከቅዳሜ ሰዎች አንዱ… ስሙን አልጠራም። ስም መጥራት ሐሜት ነው። ይህን ከሱ ነው የተማርኩት፤ ስለ ጉዳ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ የሠራውን ሰው ስም አንዴ አያነሣም። እንዲህ ያለ ጭምት ዛሬ የት ይገኛል?

ትጋቱንማ ምን ልበልሽ። ሌላው ዝናብ ሲጥል ይቀራል፣ እሱ አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ሜትር ይዞ ይመጣል። ደረቱን ለካ፣ ክንዱን ለካ፣ በአራቱም ማዕዘን ፎቶ አነሣ፣ ሁሉን ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ሙሽራ እንኳ እንደዚያ ለክቼ አላውቅም። ፍቅር ነው አልኩ። ፍቅርም ነበር እኮ፤ ያየውን የሚወድ፣ የወደደውን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። አንድ ቀን አንዷን ትንሽ ጉዳ «ለልጄ» ብሎ ለመነ። እንደሻው በደስታ ሰጠው፤ ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው «ልጅ አለው እንዴ?» ያለኝ። እኔ ምን አውቄ?

ክርክር ውስጥም አይገባም ነበር። አንዴ ብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ይኼ ነገር ወረቀት አለው?» ሁሉም ሳቁ። ብረት ወረቀት ምን ያደርግለታል? ያልገባን እኛ ነን፣ እሱ አርቆ አሳቢ ነው። አዲስ አበባ ሄደና የጉዳን ስምና መልክ መብት በሚመዘገብበት ቢሮ በራሱ ስም አስመዘገበ። ሁሉን በሕግ ነው የሚያደርገው፣ ያለ ማኅተም አንድ ነገር አይነካም። ከዚያ ያቺን «የልጁን» አሻንጉሊት ውጭ አገር ልኮ በፕላስቲክ አስቀዳት። በካርቶን በካርቶን መጣለት። እኔም አንዱን ገዝቼ አየሁት፣ ያምራል። ጭንቅላቱ ብቻ ትንሽ ስትነኪው ወደ ኋላ ይዞራል… ማን እንደሚከተለው ለማየት ይሆናላ።

ቀጥሎ ለእንደሻው በጠበቃ በኩል ደብዳቤ መጣ። ሦስት ወር ሆነው። ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ፣ ላንብብልሽ። «በደንበኛችን ስም በሕግ የተመዘገበውን ጉዱን ያለ ደንበኛችን ፈቃድ መሥራት፣ መሸጥም ሆነ በአደባባይ ማሳየት በሕግ ያስጠይቃል።» … ሰማሽ ነኢማ? ጉዳን አይልም። ጉዱን። አትሳቂ፣ ስፒሉ ይወጋሻል።

ይኸውልሽ የቅድሙ ጥያቄዬ። አሰላ ተወልዶ፣ ከኦሮሞ ጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ አርባ ዓመት ኖሮ፣ ትልቅ የሚለው ቃል ጆሮው አልገባም። ጉዳ ሲባል ጉድ ለማለት ፈልገው ተሳስተው ነው ብሎ አሰበ። የገጠር ስህተት አይወድማ። አረመውና «ጉዱ» ብሎ ቅጹን ሞላ። ይኸው አብሮ የተላከው ቅጂ፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ፎቶው ተለጥፎበታል፤ የጉዱ ብቸኛ ባለመብት። ስንቱ ሰው ጉዱን ሲደብቅ ዕድሜው ያልቃል። ጉዱን በእጁ ይዞ ቢሮ ገብቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ «የኔ ነው፣ መዝግቡልኝ» ያለ ደፋር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል ነበር። ለካ ጉድ ሳይመዘገብም አይጠባም።

ያኔ ግን አልሳቅኩም። እንደሻው ቃሉን ልብ አላለውም፣ ማኅተሙን ነው ያየው። «የሰው ነው አሉ፣ አልጣሽ» አለኝ። ሸራ አመጣና ጉዳን ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈነው። እነ ሚፍታ ቅዳሜ መጥተው የተዘጋ በር ላይ ቆመው ተመለሱ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ሰላም ስለው እንኳ እንደ እንግዳ ቀና ብሎ ነበር የሚያየኝ። በገዛ ቤቴ ባሌ ናፈቀኝ፣ ነኢማ። ያን ሰው ልረግመው ተነሣሁ። ግን ለመርገምም ስም መጥራት ያስፈልጋል። ያን ስም በአፌ ከማስገባ ይቅርብኝ ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤውን ለኦቦ ጀዋር አሳየኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ አይደል? መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደገሙት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አልጣሽ፣ ይኼ ሰውዬ የከለከላችሁ ጉዱን እንዳታሳዩበት ነው። ጉዳን ማን ከለከላችሁ?» አሉኝ። ግን ጠንቃቃ ናቸው፤ በአንድ ፊደል ብቻ አትመኩ፣ እስቲ ፕላስቲኩን አምጪው አሉ። ሰጠኋቸው። አገላበጡት… ግራ እግሩን አዩ። «እ»።

ገባሽ? ያ የተማረ ሰው ጌጥ መስሎት የእንደሻውን ፊርማ አብሮ አስቀድቶታል። በየካርቶኑ ያለው በሙሉ የባሌን ስም እግሩ ሥር ይዞ ነው ከባሕር ማዶ የመጣው። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይላሉ፤ በሰው ብረት ግን መድመቅ ይቻላል… እግር አለማንሣት ነው እንጂ። አሁንም ቢሆን ወረቀቱን እንደያዘ ነው አሉ፣ እያሳየ ይዞራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እሱን ሞኝ ማለቴ አይደለም፣ ስለ ወረቀቱ ነው የማወራው።

ለዚያው መዝጋቢ ቢሮ ማመልከቻውን ኦቦ ጀዋር በእጃቸው ጻፉ፣ አሻንጉሊቱም ተያይዞ ሄደ። ትናንት መልስ መጣ። ነገሩ እስኪጣራ ማንም ማንንም መከልከል አይችልም ይላል። እንደሻው ሲያነብ ፊቱን ባየሽልኝ… አሁን ሳስበው ራሱ እንባዬ ይመጣል። ወዲያው ወጥቶ ሸራውን ገፈፈ። ያ የምትሰሚው መዶሻ እሱ ነው፤ መብራት የለም፣ ብየዳ የለም፣ ይቀጠቅጣል ብቻ። ሚፍታም፣ ነርሷም፣ መምህሩም ከጓሮ ናቸው። ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ።

ነገ ያ ሰው ፕላስቲኩን በአዳራሽ ያስመርቃል አሉ። እንግዳ ተጠርቷል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንዳንድ ጉዱ ይታደላል። የኛዎቹ ደግሞ ጉዳን በሁለት የፈረስ ጋሪ ጭነው አዳራሹ ደጃፍ ያቆሙታል። መምህሩ አስቦበታል፣ ግራ እግሩን አንሥቶ እንዲቆም አድርጎታል። እንግዳው ሲወጣ አንዴ ወደ ላይ ያያል፣ አንዴ በእጁ የያዘውን ይገለብጣል… ሌላ ንግግር ያስፈልጋል?

ጨረስኩልሽ፣ አንገትሽ ልክ መጥቷል። ቁጭ በይ። አሁን የሱሪው ተራ ነው። ሁለት ጣት አሳጥሪልኝ ነው ያሉኝ፤ በእጄ ብሰፋው ይሻላል፣ ስፌቱ አይታይም። መጋረጃው ተነቃነቀ እንዴ? ብርዱ ይሆናል፣ እግራቸው ባዶ ነው እኮ፣ አይፍረዱብኝ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይላሉ አባቶች… ይኼ ቤት ደግሞ የኋላ በር የለውም።

የሱሪውን እግር አጠፍኩት። እንደሻው ብቻ ነው እንዴ ልማድ ያለው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔስ ለምን አልፈረምኩም ብዬ ዛሬ ቆጨኝ። በግራ እግሩ እጥፋት ሥር በቀይ ክር የባሌን ትንሽ «እ» ጣል አድርጌበታለሁ። ነገ መድረክ ላይ እግራቸውን ካላነባበሩ ማንም አያያትም። እሷን እፈታለሁ ያሉ እንደሆነ ግን እጥፋቱ አብሮ ይፈታል።

እንኩ ጌታዬ፣ እጅዎን በመጋረጃው በኩል ይላኩልኝ… አየሽ ነኢማ፣ ይደርሳል አላልኩሽም? ክፍያ አልቀበልም፣ የሰው ገመና መሸፈን ጽድቅ ነው። ቀስ ብለው ይልበሱ፣ እኛ ዞር ብለናል።

ያን ሰው ግን እንዲያው ክፉ አልመኝለትም፣ ነኢማ። ቂም ከያዝኩ የዛሬው ስፌቴ አይባረክ። ልጅ የለውም ነበር፣ ይኸው እግዜር በወረቀት ሰጠው። እግዚአብሔር ጉዱን ያሳድግለት። እንደ ጭላሎ ከፍ አድርጎ ከአሰላ እስከ በቆጂ ያሳይለት። በደረሰበት ሁሉ ቀድሞት ይድረስ፣ ስሙ ሲነሣ አብሮ ይነሣ። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጉዱን የኔ ነው ብሎ የሚቀማው አይምጣበት።

አሜን በይ እንጂ ነኢማ… እርስዎም ጌታዬ፣ ሱሪዎን ከታጠቁ አሜን ይበሉ። ምርቃት እኮ ነው።