የሽመና ጉድጓዴና የከተማው ፕላን

ብምልም አታምኑኝም፤ የአርባ ምንጭ ፕላን እግሬን ከወገቤ ሊለየው ነበር! ከጨንቻ ወርጄ ቤቴ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ እግሬን ከትቼ፣ መወርወሪያዬን በድሩ መሃል ወዲህ ወዲያ እየወረወርኩ ሸማ እሠራለሁ። አንድ ቀን የፕላን ባለሙያ አልጋ የሚያህል ካርታ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይህ መኖሪያ ሰፈር ነው፤ የሥራ ቀጠናው ሌላ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ፤ ሸማው ከቆመ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ከጉድጓዱ ሳልወጣ «ልጄ፣ ከወገቤ በታች ሥራ ላይ ነኝ፣ ከወገቤ በላይ ቤቴ ነኝ። የቱን ታነሳለህ?» አልኩት።

ሳቀና «የሕጉ ዓላማ የአንዱ ሥራ ሌላውን እንቅልፍ እንዳይነሳ ነው። ጎረቤት የማይረብሽ የእጅ ሥራ ከቤት አይወጣም፤ የሚጮህ ካለ ግን ይነሳል» አለ። እውነቱን ነው፤ ከጎኔ ወፍጮ ቢተከል እኔስ መች እተኛለሁ? ይህን ሳሰላስል ባለቤቴ ከጓዳ ጮኸች፦ «መወርወሪያውን ተዉለት፤ አፉን ግን ውሰዱልኝ!»