በሶብላው በማን መስኮት ነበር?

ይህን ነገር ኮንሲልያ ለማንም ተናግራ አታውቅም። እናቷ በሞት አልጋ ላይ ሆና "ልጄ፣ ምን ሆነሽ ሳታገቢ ቀረሽ?" ብላ ስትጠይቃት እንኳ ትራሷን አስተካክላላት ወጣች። በናዱር መንደር ትምህርት ቤት "ጮክ ብላችሁ አንብቡ!" እያለች የሰው ልጅ ስታስተምር ኖረች፤ የራሷን ነገር ግን ከጉሮሮዋ አላሳለፈችውም። ተፈጥሮዋ ነው። ሰው ትኩር ብሎ ሲያያት ፊቷ እንደ ቲማቲም ይቀላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነ ኮንሲልያ ጉብዝና ጊዜ በደሴታቸው በጎዞ ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አባቷ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ከመስኮቱ ሥር ወጣ ባለችው ድንጋይ ላይ የበሶብላ ማሰሮ ያስቀምጣል፤ በቃ። አማላጁ ሽማግሌ በሶብላውን አይቶ በሩን ያንኳኳል። የኮንሲልያ አባት አስቀመጠ። የጎረቤታቸው የፊሎመና አባት ግን "መጀመሪያ ታላቋ ትዳር" ብሎ ድንጋዩን ባዶውን ተወው። ታዲያ ከሻራ መንደር አማላጅ ይመጣል በተባለበት ጠዋት፣ ኮንሲልያ በመስኮቱ ስንጥቅ ፊሎመና ማሰሮውን አንስታ የራሷ መስኮት ሥር ስታኖረው አየች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። አማላጁ መጣ፤ በሶብላው ያለበትን በር አንኳኳ። የፊሎመና አባትም ሙሽራው ባለ ወይን እርሻ ልጅ መሆኑን ሲሰማ ታላቋን ረሳት። ፊሎመና ኢንድሪን አግብታ ሜልቦርን ገባች።

ዘንድሮ በበጋ ባልና ሚስቱ ደሴቱን ሊጎበኙ መጡ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስጎብኚን" ተባለችና ኮንሲልያ ይዛቸው ዞረች፤ ምሽጉን፣ የሻራን ግዙፍ የጥንት ድንጋዮች፣ ሁሉንም። ፊሎመና ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ፣ ካሜራ አንግታ፣ ልብስ አጣቢዎቹን ፎቶ እያነሣች "ውይ ስታምሩ! እስካሁን በእጃችሁ ነው የምታጥቡት?" ትላለች።

በመጨረሻው ቀን በጀልባ ወደ ትንሿ ደሴት ወደ ኮሚኖ ተሻገሩ። አለት ጥላ ሥር ተቀምጠው ቲማቲምና አይብ የተሞላ ዳቦ ሲበሉ ኢንድሪ እየሣቀ ወሬ ጀመረ።

"እመት ኮንሲልያ፣ እኔ እኮ ይህችን ሴት መልኳን አይቼ አይደለም ያገባሁ። ያኔ እናንተ ሴቶች በዚያ ጥቁር መከናነቢያ ውስጥ ነበራችሁ፤ ፊት የሚባል አይታይም። በናዱር በዓል ዕለት አንዲት ልጅ ለዓይነ ስውር ሽማግሌ የጴጥሮስን ታሪክ ስታነብለት ሰማሁ። ምን ዓይነት ድምፅ! 'ቤቷ የት ነው?' ብል፣ 'ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በሶብላ ያለበት' አሉኝ። ታዲያ ካገባኋት ወዲህ አንድ መስመር አንብባልኝ አታውቅም። 'ዓይኔን ያመኛል' ትላለች። አይደል፣ ፊሊ?"

"ፀሐዩ በረታ፣ እንነሣ" አለች ፊሎመና። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት።

ያን ዕለት ያነበበችው ኮንሲልያ ነበረች። አማላጁ ለእሷ ብሎ የተላከ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም ነበር፤ በሶብላ ላለበት ለየትኛውም ቤት የመጣ ይመስላት ነበር። እንግዶቹ ነገ ጠዋት በመርከብ ይሄዳሉ። ዛሬ ካልተናገረች መቼም አትናገርም። ጀልባዋ ወደ ጎዞ ስትመለስ ከኢንድሪ ጎን ተቀመጠች፤ ፊሎመና ከፊት ለፊታቸው። ፊቷ ቀላ። አፏ ግን ተከፈተ።

"ባሕሩ ዛሬ እንዴት ረግቷል፣ ኢንድሪ! ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል እኮ። አልረጨዎትም አይደል? ጠጋ ይበሉ። የወንድምዎ ወይንስ ዘንድሮ እንዴት ያዘ?… ተመስገን ነው። ፊሎመና እህቴ፣ ባርኔጣሽን ያዥው እንጂ፤ ነፋስ የማን ነው ብሎ ጠይቆ አይወስድም…

"ቅድም የድምፁን ነገር ሲያነሡ ማን ትዝ አለችኝ መሰለዎ? እኛ ሰፈር የነበረች አንዲት ልጅ። አያውቋትም። ከየት ያውቋታል?… ስሟን ልተወው፤ ደግ ሥራዋን ተደብቃ የምትሠራ ናት፣ ስሟ ሲነሣ ትሳቀቃለች። እንዴት ያለች ታታሪ ነበረች! ጎህ ሲቀድ ትነሣለች። የራሷን ሳታነሣ የጎረቤቷን ታነሣለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? እውነት ነው፤ እጅም የሚደርሰው ለቅርብ ነው…

"ጉልበቷስ! እንደዚያ ቀጭን ሆና ከባዱን ዕቃ ከነአፈሩ፣ ከነውሃው፣ ከነዕድሉ ብድግ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል እሰማለሁ። እሷ ግን ቸኩላም አላፈሰሰች። ሌላው ያፈሰሰውን ላብ ነው የለቀመችው። ይህ ሙያ አይደለም?

"ደግሞ ታማኝነቷ! ያነሣችውን ሲመሽ መልሳ ቦታው አኖረችው፤ ውሃ አጠጥታ። ዛሬ የተዋሰውን የሚመልስ ማን አለ? የሚመለሰውን መለሰች። የማይመለሰውን ደግሞ… ምን ታድርግ? መርከብ ተሳፈረ።

"ምቀኞች መሃይም ናት ይሏታል። ሰው ክፉ ነው! በሰው ዕድል ላይ የተጻፈውን ስም ለይታ አውቃ፣ ፍቃ፣ የራሷን የጻፈችበት ሴት መሃይም ትባላለች? እኔ ስንት ዓመት አስተማርሁ፤ እንደዚያ ያለ የእጅ ጽሕፈት ያለው ተማሪ አልገጠመኝም።

"ባለዕቃዋ ትሉኝ እንደሆነ… እሷማ ሞኝ ናት፣ ይተዋት። በስንጥቅ ቆማ አየች። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እያለች ዘጋችው። ዝንብ አልገባም፤ ዳቦም አልገባ። ለምን አልጮኸችም? አፍራ! ሌባ ሲያፍር አይተዋል፤ የተሰረቀ ሲያፍር አይተው ያውቃሉ?… ውይ፣ ሌባ አልሁ እንዴ? አፌን በሰበረው። በራችን ላይ ቁልፍ ሰክተን በምናድርበት አገር ምን ሌባ አለ? እኛ ዘንድ ቤት ገብቶ የሚሰርቅ የለም። ከደጅ ነው…

"ያ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ትዝ ይልዎታል? ጴጥሮስ በባሕሩ ላይ መስጠም የጀመረበት ቦታ ስትደርስ አለቀሰ። የአንባቢዋን እጅ ይዞ በለስ አስጨበጣት፤ አንድ የበሰለች በለስ፣ ከኪሱ ሙቀት ጋር። እኔማ ከየት አውቃለሁ? የሰማሁትን ነው። ይህን እንኳ ሚስትዎ ነግራዎት ይሆናል… አልነገረችዎትም? ትሕትና ነው። ፊሎመናን ያውቋት የለ፣ የራሷን ነገር አታወራም።

"ያቺ ልጅ ዛሬ ብትመጣ እኮ አገሩን እንደ እንግዳ ነበር የምትጎበኘው። ምሽጉን ፎቶ ታነሣለች፤ ድንጋዩን ታነሣለች፤ ልብስ አጣቢዋን ሳትቀር ታነሣለች። ማንሣት ድሮም ይሆንላታል። አንድ መስኮት ብቻ ያመልጣታል። ስናልፍበት ሁልጊዜ ዓይኗ ውስጥ ጉድፍ ይገባል… እኔም ሳምንቱን ሙሉ ዓይኗን ስታሽ ሳይ አዘንሁላት። ማለቴ… ብትመጣ ኖሮ።

"አይ፣ ደረስን። ወደቡ ያው። እንግዲህ ነገ ትሄዳላችሁ፤ ልመርቃችሁ። ፊሎመና፣ አንቺም እጅሽን ዘርጊ፣ ምረቃ በእጅ ነው የሚያዝ፤ አንቺ ደግሞ እጅሽ አይስትም። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ያገኛችሁትን ያጽናላችሁ፤ ጠያቂ አይምጣባችሁ። ኢንድሪ፣ ለእርስዎ ጆሮዎን ያቆይልዎ፤ ለእሷም ዓይኗን ይማርላት። እርጅና መጥቶ ዓይንዎ ሲደክም ደግሞ… ያን ዕለት በበዓሉ የሰሙት ድምፅ፣ ያው የሚስትዎ ድምፅ፣ ከራስጌዎ ተቀምጦ እስከ መጨረሻይቱ ቀን ያንብብልዎ።"

ጀልበኛው ገመዱን እየወረወረ "አሜን!" አለ። ኢንድሪም አሜን ሊል ከንፈሩን አላቀቀ፤ ግን ዓይኑ ኮንሲልያ አፍ ላይ ቀረ። ፊሎመና የተዘረጋ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

በማግስቱ ጠዋት የመርከቡ ጥሩምባ ሲነፋ ኮንሲልያ ወደብ አልወረደችም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ዱን ስፒር የተባሉት ሽማግሌ ቄስ ከሚያናዝዙበት መጋረጃ ሥር ተንበረከከች።

"አባ" አለች፣ "ትናንት ሰው… ሰው መረቅሁ።"

ሌላ ቃል እምቢ አላት። ቄሱ ሣቃቸውን መግታት አልቻሉም።

"አይ መምህርት! ምረቃማ ኃጢአት አይደለም። ሂጂ፣ ደጋግመሽ መርቂ።"

"እሺ፣ አባ" አለችና፣ ፊቷ እንደ ወትሮው ቀልቶ፣ ልጆቹን ልታስነብብ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።