ከቢጫው መስመር ወዲያ

ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደና መንገደኛውን በየጥጋጥጉ አስጠለለው። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ክዳን ሥር ከቆሙት ሰዎች መካከል፣ ጃንጥላቸውን ቤት ረስተው የወጡ አዛውንት ነበሩ። እኚህ ሰው የፊዚክስ ምሁር ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲውንም ለረጅም ዘመን በፕሬዚዳንትነት መርተው በክብር ጡረታ ወጥተዋል። እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁሉም «ፕሮፌሰር» ነው የሚላቸው።

አንዲት ሴት ቦርሳዋን ራሷ ላይ ደፍታ እየሮጠች መጣችና አጠገባቸው ተጠለለች። ቀና ብላ ስታያቸው ቦርሳዋን አወረደችና እጅ ነሣች። የዱሮ ተማሪያቸው፣ የዛሬዋ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነበረች።

«ፕሬዚዳንት በእግሩ ይሄዳል እንዴ ልጄ? መኪናሽስ?»

«የታመመ ተማሪ ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሄደ። እኔ እንደሆንኩ ስኳር አይደለሁ፣ አልሟሟም።»

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። በዚህች ልጅ ይኮሩባት ነበር። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ፣ ባሕር ተሻግራ ተምራ፣ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ የሚሠራውን ረቂቁን የፊዚክስ ዘርፍ መርጣ ስሟን ያስጠራች ናት። «ልጅቷ ጥልቅ ናት፤ ለዚህ ነው ቲዎሪ የመረጠችው» እያሉ ላገኙት ሁሉ አውርተዋል።

«እንዲያውም ቤትዎ ልመጣ ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቁልፉን ልለምንዎ።»

የፕሮፌሰሩ እጅ ሳያዙት ወደ ኮታቸው ኪስ ሄደ።

ስለዚህ ቁልፍ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፕሮፌሰሩ በወጣትነታቸው ተምረው ሲመለሱ የፊዚክስ ክፍል ተብሎ የተሰጣቸው ጥቁር ሰሌዳና ባዶ አዳራሽ ነበር። ያንን አዳራሽ በየአገሩ ደጅ ጠንተው፣ ለምነውና ተከራክረው በመሣሪያ የሞሉት እሳቸው ናቸው። ብርሃንን በየቀለሙ በትኖ የሚለካውን ስፔክትሮሜትር በአውሮፕላን ያመጡት እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው። ታዲያ ገና በመጀመሪያው ዓመት አንድ ተማሪ አንድ ውድ መለኪያ ጥሎ ሰበረ። በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ቀለም አስመጥተው ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አሰመሩ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ከመስመሩ ወዲያ ሆኖ ይሠራል፤ ተማሪው ከመስመሩ ወዲህ ቆሞ እያየ ይጽፋል፤ ትምህርቱ ሲያበቃም የውስጠኛው ክፍል ቁልፍ ወደ ፕሮፌሰሩ ኪስ ይመለሳል። ኋላ ሹመቱ ሲደራረብባቸው ምርጥ ምርጦቹን መሣሪያዎች በላስቲክ ሸፍነው ውስጠኛው ክፍል ቆለፉባቸው። ጡረታ ሲወጡም ቁልፉ አብሯቸው ወጣ። «ይስጡን» ማለት እሳቸውን መድፈር መሰለና ሁሉም ዝም አለ። እንዲህ ያለው አክብሮት ከንቀት ይልቅ ይጎዳል፤ መጉዳቱን ማንም አያይምና።

«ሰኞ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ላስገባ ነው» አለች ፕሬዚዳንቷ።

«ምን ሊያዩ?»

«ሊያዩ አይደለም። ሊነኩ።»

የሰሙት ነገር አልዋጥ አላቸው። «በእጃቸው?»

«በእጃቸው።»

«ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

ከውስጥ ወረቀት የምታባዛው ሴት ስታዳምጥ ኖሮ «እውነታቸውን ነው፤ እኔ ማሽኔን ባሌንም አላስነካው» አለች። የተጠለለው ሁሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቁም።

«እነዚያ መሣሪያዎች ዕድሜዬ ናቸው። የትናንት ልጆች እጅ ላይ ጣላቸው ትይኛለሽ? ሲሰበሩ ማን ይተካቸዋል?»

«የሚሰበር ሊኖር ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ግን ፕሮፌሰር፣ ያመጧቸው ለማን ነበር?»

«ለተማሪው ነዋ።»

«ተማሪው ነክቷቸው ያውቃል?»

«አይቷቸዋል። ማየትስ ትምህርት አይደለም? አንቺንስ እንዲሁ አይደል ያስተማርኩሽ? ይኸው፣ ምን ጎደለብሽ?»

ፕሬዚዳንቷ ከክዳኑ የሚንጠባጠበውን ውሃ በመዳፏ ተቀበለች። ከዚያ፣ «ይህን ለእርስዎ ላልናገር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር» አለች። «ውጭ አገር የደረስኩ ሰሞን አስተማሪዬ ልክ የእርስዎን የመሰለ ስፔክትሮሜትር ፊት አቁሞኝ ‹በይ ጀምሪ› አለኝ። ስለ መሣሪያው የማላውቀው አልነበረም፤ ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ። ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና እጄን አጥፌ ቆምኩ። ወለሉ ላይ ምንም መስመር የለም። ለእኔ ግን ይታየኛል። ‹ምን ትጠብቂያለሽ?› ሲለኝ ‹እርስዎ እስኪሠሩልኝ› አልኩት። በክፍሉ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቲዎሪ ገባሁ። ወድጄ እንዳይመስልዎ። እጄ ፈርቶ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ክዳኑን የተሸከመውን ምሰሶ ያዙ። ያን ሁሉ ዓመት ሲኮሩበት የኖሩት ነገር ከእግራቸው ሥር ሲንሸራተት ተሰማቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለጋሽ ቁልፍ ማን ደፍሮ ይነግራል?»

«ለማን?»

አፏን በእጇ ያዘች። «አመለጠኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተማሪዎች ያወጡልዎ ስም ነው።»

«መቼ?»

«እኔ ስገባ ደርሼበታለሁ።»

ሽማግሌው ኮታቸውን አስተካከሉ። «ይሁን። አጥፍቼ ይሆናል። አንድ ነገር ግን አላጠፋሁም። ሌላው ቢቀር መሣሪያዎቹ ዛሬም እንደመጡበት ቀን ናቸው። በሩን ሰብረሽ መግባት ስትችይ መለመንሽ ጨዋነት ነው፤ እኔም በጨዋነት አሳይሻለሁ። አይተሽ ፍረጂ።»

ዝናቡ ሲያባራ ግቢውን አቋርጠው የፊዚክሱን ሕንፃ ወጡ። አዳራሹ ውስጥ ቢጫው መስመር ገና ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ የረገጠው እግር የለማ። ፕሮፌሰሩ ተሻገሩት። ፕሬዚዳንቷ መስመሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያ በራሷ አፍራ ተሻገረች። ይህን ደግሞ ፕሮፌሰሩ አዩ።

ቁልፉ በግድ ዞረ። በሩ ሲከፈት የታፈነ የእርጥበት ሽታ ፊታቸውን መታው። መሣሪያዎቹ ላስቲካቸውን ለብሰው በሰልፍ ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው የስፔክትሮሜትሩን ሽፋን ሲገልጡ ከላስቲኩ ውስጥ ውሃ እጃቸው ላይ ጠብ አለ። አምፖሉን አበሩና ዓይናቸውን መመልከቻው ላይ አደረጉ። የሚያውቁት ቀይና ሰማያዊ የለም። ግራጫ ጭጋግ ብቻ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩ።

«ዓይኔ ነው?» አሉ። «እስቲ አንቺ እዪልኝ።»

አየች። «ዓይንዎ አይደለም። ሌንሱ ሻግቷል። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አብቅሏል።»

ፕሮፌሰሩ ወደሚቀጥለው ሄዱ። የባትሪው ጭማቂ ፈስሶ ሽቦውን በልቶታል። የሚቀጥለው ጎማው ቀልጦ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቋል። አንዱን ሲገልጡ ሌላው ይብስ ነበር። አንዱን ላስቲክ እንደያዙ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«ማንም አልነካቸውም እኮ» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አያውቁም። «ማንም ሳይነካቸው።»

«ስላልተነኩ ነው» አለች ፕሬዚዳንቷ በቀስታ። «በጨለማና በእርጥበት ታፍነው ኖሩ። በየሳምንቱ የሚከፍታቸው ቢኖር ሻጋታው ገና ሲጀምር ባየው፣ ባትሪውም ሳይፈስ በወጣ ነበር።»

«አንድ ልጅ አንድ መለኪያ ሰበረ ብዬ፣ እኔ ሁሉንም አጠፋኋቸው።»

«ሁሉንም አይደለም። ሌንስ ይወለወላል፤ ሽቦም ይቀየራል። ግን የሚፈታቸው እጅ ያስፈልጋል፤ የእኔ እጅ ደግሞ አይችልም። ፕሮፌሰር፣ የሚችለው የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው ተነሥተው ቁልፉን ከበሩ ነቀሉ። ለእሷ አልሰጧትም፤ ከበሩ ውጪ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያየው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

ሰኞ ጠዋት ከተማሪዎቹ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ፤ የመፍቻ ሣጥናቸውን ይዘው። ነገሩ ያልጣማቸው መምህራን «ፕሮፌሰር፣ እርስዎም?» ቢሏቸው፣ «እኔም» አሉ። «የነካ ተማሪ መሣሪያው ሲታመም ያውቃል፤ ያወቀ ደግሞ ይጠግናል። ነገ በየሆስፒታሉ፣ በየፋብሪካው ተበላሽቶ የቆመውን ማሽን ፈትቶ የሚያስነሳው ይኸው ልጅ ነው። ባዕድ አገር ሄዶም እጁን አጥፎ አይቆምም። እኔ ዕቃ ስጠብቅ ሰው አመለጠኝ፤ ዕቃውም አልዳነልኝ።»

ከዚያ ስፔክትሮሜትሩን ጠረጴዛ ላይ አወጡና ተማሪዎቹን አስጠግተው ማስፈታት ጀመሩ። ፕሬዚዳንቷም እጅጌዋን ሰብስባ ከልጆቹ መካከል ገብታ አንዱን ብሎን ይዛለች። የአንዲት ልጅ እጅ በላብ ረጥቦ ነበርና የፈታችው ሌንስ አምልጧት ወደቀ፤ ቢጫው መስመር ላይ ተሰበረ።

ሁሉም ጋሽ ቁልፍን ያያል። «አትንኩ!» የሚለው የዱሮው ቃል በፕሮፌሰሩ ምላስ ላይ መጣ። ዋጡት።

«ቆረጠሽ?»

«አልቆረጠኝም» አለች ልጅቷ፤ ድምጿ አይሰማም።

«እንግዲያው ጠርጊውና ሁለተኛውን ሌንስ ፍቺ።»

«እኔ? ሌላ ሰው ቢፈታው አይሻልም፣ ፕሮፌሰር?»

«ሌንሱ ሲፈታ እጅ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ሌላ ሰው አያውቅም» አሉ መፍቻውን እያቀበሏት። «እስካሁን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»