የሾፌር ሸኩር የልምድ ወረቀት

ሾፌር ሸኩር ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ ለአራተኛ ጊዜ ባዶ እጁን ሲወጣ የጅማ ዝናብ ወረደበት። እየተነጫነጨ ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ ሮጠ። የጎረቤቱን የኑሪን ልጅ ረሺዳንም እዚያው ተጠልላ አገኛት። ረሺዳ ተምራ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት የሆነች፣ አንደበተ ቁጥብ ልጅ ነበረች።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ወአለይኩም ሰላም። እንዴት አይጠቁር! ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና አመላለስኩ። አሠሪዬ ሐጂ ጀማለዲን ሲሞቱ መኪናው ተሸጠ። የሰርቦ ገበሬዎች ማኅበር ‹ና፣ የእኛን መኪና ያዝልን› ቢለኝ እሰየው ብዬ ነበር። ኢንሹራንሱ ግን የልምድ ማስረጃ ካላመጣሁ እኔ ለምነዳው መኪና ዋስትና አልሰጥም አለ። የድሮው መንጃ ፈቃዴ ጠፍቶ ምትኩን ያወጣሁት ካቻምና ስለሆነ፣ በእነሱ ቤት የሁለት ዓመት ሾፌር ነኝ! ኧረ ማሎ!»

«ማስረጃ አምጣ አሉ እንጂ አልካዱዎትም።»

«የምን ማስረጃ? የግቤ ቁልቁለት ይመስክርልኝ!»

«ገደል አይፈርምም፣ ጋሼ።»

ሸኩር ይብሱን ተናደደ። «ወረቀት መሪ ይይዛል? ወረቀት ፍሬን ይረግጣል?»

«አይረግጥም። ግን ይፍረዱ፤ መኪናው የሦስት መቶ ገበሬ ላብ ነው። አንድ ነገር ቢሆን የሚተካው ኢንሹራንሱ ነው። እርስዎስ የማያውቁትን ሰው ‹እመነኝ› ስላለዎት ብቻ መሪ ያስይዙታል?»

ሸኩር ራሱ አዲስ ሾፌር ሲመጣ አስነድቶ ሳያይ ቁልፍ ሰጥቶ አያውቅም።

«ሟቹን ሾፌር አሊን ያስታውሱ» አለች ረሺዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት ሾፌር ነው የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ አልተገኘም። ሚስቱ ዙቤይዳ ካሣ ብትጠይቅ ‹ባልሽ ተሳፋሪ ነበር› አሏት። አሊ መንዳት ሳያውቅ ቀርቶ ነው?»

ሰው ሁልጊዜ የሚቆጣው በሚናገረው ነገር አይደለም፤ አንዳንዴ የሚቆጣው በሚደብቀው ነው። ሸኩርም ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ «እውነቱን ልንገርሽ» አለ። «ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ማስረጃ ያልጠየቅኩት ፈርቼ ነው። በስልሳ አራት አሰንዳቦ አጠገብ ጭቃ አንሸራቶኝ ቦይ ገባሁ። አንድ ተሳፋሪ እግሩ ተሰበረ። ያ ፋይል ከተከፈተ ማን ይቀጥረኛል?»

«ጋሼ፣ የሚያጠራጥረው በዚህ ጭቃ ሃያ ሦስት ዓመት ነድቶ ምንም አልደረሰብኝም የሚል ሰው ነው። ይሂዱና ያውጡት። ማመልከቻውን እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

በማግስቱ ሸኩር የመንጃ ፈቃዱ ታሪክ ከትራፊክ ፋይል ተገልብጦ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተቀበለ። ከዚያ ጅሬን ወጥቶ የሐጂ ጀማለዲንን ባለቤት ሐጃ ፈድሊያን የምስክርነት ደብዳቤ ለመናቸው። እሳቸውም ፈርመው ሲያበቁ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ምነው ሐጂ በሕይወት ሳሉ አልጠየቅካቸውም? ሦስት ገጽ ይጽፉልህ ነበር» አሉት።

የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ወረቀቶቹን እያገላበጠ አደጋው የተጻፈበት ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ከዚህ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ። ጭቃ ሳይ ወርጄ በእግሬ ሳልረግጠው ጎማ አላሳርፍበትም።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አየው፤ «ይህን ቀደም ብለው ቢያመጡት ኖሮ አንድ ወር ሙሉ ባልተመላለሱ» አለና ፈረመ። ሸኩር ሲወጣ እልሁ ሁሉ በራሱ ላይ ዞረ።

ሰርቦ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ ገመቹ የሚባል ወጣት ሾፌር አሠሪውን ሊለቅ መሆኑን ነገረው።

«የልምድ ወረቀትህን ተቀበልክ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው። እንዴት ብዬ ወረቀት እጠይቀዋለሁ? ይቀየመኛል።»

«ስማ ገመቹ። ያ ወረቀት ለአዲሱ አሠሪህ መተማመኛ፣ ለአንተ እንጀራ፣ ክፉ ቀን ቢመጣም ለልጆችህ መከራከሪያ ነው። ጥሩ ሰው ደግሞ ይሞታል። ሲሞት ደግነቱን ለየትኛው መሥሪያ ቤት ልታሳይ ነው? ቁልፉን ሳታስረክብ ሂድና አስጽፍ!»

ገመቹ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ አሠሪው ቤት አመራ።