የሰመራ ብርድ

ከሚሌ ወደ ሰመራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«አዲሱ ካፌ ገብተሻል?»

«ሰመራ ላይ በየቀኑ አዲስ ይከፈት የለ እንዴ፣ የትኛው?»

«ኤሲው የሚያንቀጠቅጠው። ወላሂ፣ ጋቢ ያውሱሻል!»

«በዚህ ሐሩር? ጋቢ?»

«እናቴን ወሰድኳት። ታውቂያለሽ፣ መኪና ያጥወለውላታል፤ አገሯን ደሴን ካየች ስንት ዘመኗ!»

«እሺ፣ ምን አለች?»

«ገና በሩን ስናልፍ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ፣ ‹ደሴ ገባን እንዴ?› አትለኝም!»

«ሱብሃነላህ!»

«ሻይ አዘዝኩላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ጋቢውን ላለብሳት ስል እጄን መለሰችው።»

«ለምን?»

«‹ተይኝ ልጄ፣ ትንሽ ይብረደኝ› አለች።»

«ወራጅ አለ» ሳልል መውረጃዬን አለፍኩ።