የዘንባባዋ ልብ

በሰፈራችን ስለ ተክል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቢኖር ኖሮ እስካሁን በሰማሁ ነበር።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብስ ሰፊውን አባባን ሱቃቸው ደጃፍ መሰላል ላይ አገኘኋቸው። እጃቸው ላይ መጋዝ፣ ከፊታቸው ሟች ባለቤታቸው የተከሏት ዘንባባ።

"አባባ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"አናቷን ልቆርጥ ነዋ። ታፔላዬን ጋረደችው። ደግሞ አናቷ ሲቆረጥ በጎን ቅርንጫፍ ታወጣለች ተብያለሁ።"

"ማን አለዎት?"

"አንድ የተማረ ሰው።"

"ሰውየው ምንም አያውቅም! ዘንባባ አንድ ልብ ነው ያላት፤ እሱም አናቷ ላይ ነው። እሱ ከተቆረጠ አለቀላት። አንዷ በወሯ ስትደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ።" የማን እንደነበረች መናገር አላስፈለገኝም።

"እኔ ግን እንጨት ሁሉ ሲቆረጥ ሲያቆጠቁጥ ነው የማውቀው፣ ልጄ።"

"እስቲ መነጽርዎን ያድርጉና መሃሏን ይዩ።"

አጎንብሰው አዩ። ገና ያልተከፈተው ቅጠል ጣት አክሎ ቀጥ ብሏል፤ እጥፋት በእጥፋት። በጥፍራቸው ጫፍ ነኩት።

"ሽንሽን ነው!" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አርባ ዓመት ሽንሽን ቀሚስ ሰፋሁ። በሜትር ለክቼ፣ በካውያ ተኩሼ፣ አንድ ቀን እንዲህ አልወጣልኝም። ይቺን ማን ተኮሳት?"

እኔም ከታች አንጋጥጬ አየኋት። ማራገቢያ የሚያህለው ቅጠል ሁሉ፣ ውርጭ ያልበገረው ሁሉ፣ በዚያች ጣት በምታክል በር አንድ በአንድ ወጥቷል።

"እሷ ስትተክላት እኮ ከጉልበቴ በታች ነበረች" አሉ አባባ። "ዛሬ በገዛ እጄ ልገድላት!" መጋዙን ይዘው ከመሰላሉ ወረዱ።

"ከሥር የደረቀውን ቅጠል ብቻ ይቁረጡ። ውሃ አፈሩ ሲደርቅ ይስጧት፤ ውሃ ከተኛበት ሥሯ ይበሰብሳል። ለብርዱ ግንዷ ላይ ያለው ፀጉር ይበቃታል።"

"ታፔላውስ?"

"ታፔላ ሥር የለው፣ እሱን ያንሱት!"

ሳቁ፤ ወዲያው ነቅለው በሩ ላይ ሰቀሉት። አሁን ታፔላው ከመንገድ ማዶ ይነበባል፤ ልብስ ሊያስለካ የመጣም ጥላዋ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ትንሽ ምክር ስንት ነገር ታድናለች!

ደረቴን ነፋሁና "እንግዲህ ያንን አላዋቂ ሲያገኙት ይንገሩት" አልኳቸው።

"ይኸው እየነገርኳት ነው" አሉ መጋዙን በጨርቅ እየጠቀለሉ። "አምና 'ቅርንጫፍ ታወጣለች' ብለሽ ይህንኑ መጋዝ ከእኔ የተዋስሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"